አራተኛው ትኩሳት

የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ሊሲ የሰጠችኝ ወረቀት ስምንት መስመር ነበረው። ጽንሱ ማህፀኔ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ያሉትን ዐሥራ አራት ቀናት እንዴት እንደማሳልፍ ይናገራል። ቀስ ብሎ መራመድ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት አያስፈልግም። ከባድ ነገር አታንሺ። እንደ ወትሮሽ ብዪ። መርፌው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳይዘለል። ቀኑ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ምርመራ አታድርጊ። ትኩሳት፣ ብዙ ደም ወይም ኃይለኛ የሆድ ሕመም ካለ ቶሎ ደውዪ። ስምንተኛው መስመር «አትጨነቂ» ይላል።

ሰባቱን መፈጸም እችላለሁ።

አማቴ ሆናማ ማንበብ ስለማይችሉ ባሌ ሲዱ አነበበላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ደህና ነው፤ ግን ጽንስ ስለሚያስወርደው ፓፓያ ምንም አላለም» አሉ። እሳቸው ግን ወረቀቱን አልጠበቁም ነበር። ክሊኒኩ ካለበት ከቤንጋሉሩ ስንመለስ ግቢያችን ውስጥ የነበረው የፓፓያ ዛፍ ከሥሩ ተቆርጦ አገኘነው። ፍሬው አይደለም፣ ዛፉ።

«አቴ፣ አለመብላት እኮ እችል ነበር» አልኳቸው። አማታችንን አቴ ነው የምንለው።

«አንቺማ ትችያለሽ። ሽታው ነው ፈቃድ የማይጠይቅ።»

ይህ ሦስተኛው ሙከራ ነበር፤ የመጨረሻውም። ክሊኒኩ በበረዶ ካቆየልን ጽንሶች ሌላ የቀረ የለም። በመጀመሪያው ጊዜ ዐሥራ አራቱንም ቀን ከአልጋ ሳልወርድ ተኛሁ፤ አልያዘም። በሁለተኛው ጊዜ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፤ አልያዘም። ስለዚህ ከሁለቱ የተማርኩት ነገር የለም። ይህ ነው የሚከብደኝ። ሥራዬ ማየት ነው። በመንግሥት የሐር ትል ዘር ማዘጋጃ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጫለሁ። ቢራቢሮዋ እንቁላሏን ጥላ ስትጨርስ ትፈጫለች፤ ጠብታዋን በመስታወት ላይ አደርግና አያለሁ። የሚያብረቀርቅ ሞላላ ነጥብ ካገኘሁ በሽታ አለባት ማለት ነው፤ እንቁላሎቿ በዚያው ቀን ይቃጠላሉ። ካላገኘሁ ለገበሬው ይሄዳሉ። መሃል የለውም። በእነዚያ ዐሥራ አራት ቀናት ግን የነበረኝ መሃሉ ብቻ ነው።

ጽንሱ በተቀመጠልኝ ቀን ማታ ሲዱ ሁለተኛውን ትኩሳት የጨረሱ ትሎች አመጣ። በእኛ በካናካፑራ በኩል የሐር ትል ቆዳውን ሊቀይር ሲል ትኩሳት ገባ ይባላል። መብላት ያቆማል፣ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ድርቅ ብሎ ይቆያል። በሕይወቱ አራት ጊዜ ትኩሳት ይገባል። የመጨረሻው፣ አራተኛው፣ ከሁሉ ይረዝማል፤ አንድ ቀን ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይወስዳል። በትኩሳት ላይ ያለ ትል አይመገብም፣ አይነካም፣ አልጋው እንዲደርቅ ኖራ ይነሰነስበታል። የቤታችን ግማሽ የትሎቹ ነው። እኛ በግራ እንኖራለን፣ እነሱ በቀኝ።

በትሎቹ በር ላይ የኖራ መስመር አለ፤ በላዩም የኒም ቅጠል ተንጠልጥሏል። እንግዳ እዚያ አያልፍም። የቤት ሰውም ቢሆን እግሩን ሳይታጠብ አይገባም። የወር አበባ ላይ ያለች ሴትም አትገባም። ይህን ሦስተኛውን በሥራ ቦታዬ ማንም አያከብረውም፤ እኔም እዚያ አስቤው አላውቅም። ቤት ስመለስ ግን እግሬ ራሱ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ሆናማ ሌላ የኒም ቅርንጫፍ ቆርጠው በእኔ በር ላይ አንጠለጠሉ። በሩ ሥርም ኖራ አሰመሩ። ጎረቤታችን ጊሪጃ መጣችና ከመስመሩ ውጭ ቆመች።

«ምንድን ነው ይሄ? እዚህም ትል ገባ እንዴ?»

«ገብቷል» አሉ ሆናማ።

«እኔ ልጠይቃት ነው የመጣሁት እኮ። እንዴት ነች? ይዟል?»

«ጊሪጃ፣ የአንቺ ትሎች ባለፈው ለምን አለቁ?»

«አየሩ ነዋ።»

«አየሩ አይደለም። ‹ይዟል ወይ፣ ይዟል ወይ› እያልሽ በየሰዓቱ ስትከፍቻቸው ነው። ሂጂ፣ ቂጣሽ እንዳያርብሽ።»

ጊሪጃ እየሳቀች ሄደች። እኔ ከውስጥ ሰማሁ። ከእንግዳ ጥያቄ አዳኑኝ። ከራሴ ጥያቄ ግን ማንም ሊያድነኝ አልቻለም። በየሰዓቱ ራሴን እከፍት ነበር። ጠዋት ሙቀቴን እለካለሁ። ጡቴን እነካለሁ፤ ያመኛል። መርፌውም እንዲሁ ያሳምማል፤ ስለዚህ ሕመሙ ምስክር አይሆንም። ሆዴ ይነፋል፤ ያንንም መርፌው ያደርገዋል። እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ያንንም። እያንዳንዱ ምልክት ሁለት አባት አለው። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ሰማንያ ስምንት እርምጃ ነው፤ ይህን የማውቀው በቀን ሃያ ጊዜ ስለምሄድበት ነው። ሄጄ ውኃውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

«አውቶቡስ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል ሆናማ ሙዴ የሚባለውን የዳጉሳ ገንፎ እያድቦለቦሉ። «አንድ ቦታ ቁሚ፣ ሰው ይውረድ።»

«መራመድ ጥሩ ነው ይላል ወረቀቱ።»

«መራመድ ነው ያለው። አንቺ እኮ እየሸሸሽ ነው።»

መርፌውን በየምሽቱ የሚወጋኝ ሲዱ ነበር። ሲስተር ሊሲ በብርቱካን ላይ አለማምዳዋለች። ሲጨርስ ወጥቶ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ከእኔ ጋር ስለ ጽንሱ አያወራም። ስለ ትሎቹ ያወራል። «ሦስተኛውን ትኩሳት ደህና ወጡ» ይላል። «ቅጠሉ ዘንድሮ ወፍራም ነው» ይላል። እኔም ስለ እነሱ እመልስለታለሁ። በየጠዋቱ የትሎቹን ትሪዎች እንዳይለት ይጠራኛል፤ ዓይኔን ከራሱ ዓይን በላይ ያምነዋል።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ደም አየሁ።

አንዲት ጠብታ ነበረች፤ የግማሽ ምስር ያህል። ቁጭ ብዬ ተመለከትኳት። ባለፉት ሁለት ጊዜያትም የጀመረው እንዲሁ ነበር፤ አንደኛው በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ሌላው በዐሥራ ሁለተኛው። አላለቀስኩም። ሥራ ላይ የማደርገውን አደረግሁ፤ ምልክት ካየሁ አላመነታም። በመስኮቱ ሥር የተቀመጡትን የቀሩትን አራት መርፌዎች ከነካርቶናቸው አነሳሁ። የትሎቹ ቆሻሻና የደረቀ ቅጠል የሚጠራቀምበት ቅርጫት በረንዳው ላይ ሞልቶ ቆሞ ነበር። ካርቶኑን ከቅጠሉ ሥር ከተትኩት። ማታ ለሲዱ መርፌው አልቋል፣ ይበቃል ተብሏል ልለው አሰብኩ። ጽንሱን የሚያጸናው መርፌ ከቆመ ሌላ አራት ቀን አልጠብቅም። መጠበቁ ነበር የሰለቸኝ። ልጁን አይደለም የጣልኩት፤ አራት ቀን ነው የጣልኩት ብዬ ነበር ለራሴ።

ወዲያው ሲዱ ከትሎቹ በኩል ጠራኝ።

«ቫናጃ፣ ነይ እስቲ። አራተኛው ትኩሳት ገብተዋል። ሁሉም ገብተው ከሆነ ኖራ ልነስንስ። ያልገባ ካለ አንድ ቅጠል ልጨምር።»

ሄድኩ። የኖራው መስመር ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ትሎቹ በቀርከሃ ትሪዎቻቸው ላይ ሳይነቃነቁ ተኝተዋል፤ ጭንቅላታቸው ወደ ላይ። ከዚያ ሆኜ የፊተኛውን ትሪ ብቻ ነው የማየው። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ። ደንቡ ሳይንስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ገብቼ በኋላ ትሎቹ ቢያልቁ፣ ለሆናማ ምን እላለሁ? ባልገባ ደግሞ ለምን አልገባሽም ሲሉኝ ምን እላለሁ?

«አንተው እይ» አልኩት። «ዓይኔን ደክሞኛል።»

ሲዱ፣ «እሺ» አለ። ሆናማ በውስጥ በኩል ወንፊት ይዘው ቆመው ነበር። ፊቴን አላዩም። እግሬንና መስመሩን አዩ፤ ከዚያ ኖራቸውን መንፋት ቀጠሉ። እኔ ወደ ጓሮ፣ ወደ መታጠቢያው ክፍል ሄድኩ።

ስልኬ በሳሎኑ መስኮት ላይ ነበር። የሚቀጥለውን ንግግር አልሰማሁም። በኋላ ከሆናማም ከሲስተር ሊሲም እየጠየቅሁ ነው ያገጣጠምኩት፤ ሁለቱ የነገሩኝ ቃል በቃል አንድ ነው።

ሲስተር ሊሲ የኬራላ ሰው ነች። የእኛን ቋንቋ የምትናገረው ተበድሮ እንደሚመልስ ሰው በጥንቃቄ ነው፤ ለታካሚዎቿ ሁሉ አንቱታ ትጠቀማለች። በዐሥረኛው ቀን መደወል ልማዷ ነው። ሆናማ እጃቸው ኖራ እንደሆነ አነሱት። በትል ወቅት ወደ ቤታችን የሚደውል ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ትሎቹ ነው።

«ዛሬ እንዴት ናቸው?» አለች ሲስተር ሊሲ።

«ደህና ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ትኩሳት ገብተዋል።»

«ትኩሳት? ስንት ነው?»

«አራተኛው ነዋ።»

«አራተኛ ቀን? ታዲያ እስካሁን ለምን አልደወላችሁም?»

«ምን ያስደውላል? ደንብ ነው። ሁሉም ይገባሉ።»

«ምግብ ይበላሉ?»

«ኧረ የምን ምግብ! አንገታቸውን ቀና አድርገው ድርቅ ብለዋል። አሁን ኖራ ልንነሰንስባቸው ነው።»



«እማማ፣ ምን ልትነሰንሱባቸው ነው?»

«ኖራ። ሥራቸው እንዲደርቅ።»

«አሁኑኑ መኪና ይዛችሁ አምጧቸው።»

«በትኩሳት ላይ ማንቀሳቀስ? ልጄ፣ ከተማ ነው ያደግሽው መሰለኝ። ከተነኩ ያልቃሉ።»

«ካላመጣችኋቸው ነው የሚያልቁት። እማማ፣ እለምንዎታለሁ፣ ቫናጃክሺን ዛሬውኑ ያምጡልኝ።»

ሆናማ ሙሉ ስሜን ሲሰሙ የተረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤንጋሉሩ ያለችው ነርስ ስለ እኔ የሆነ ነገር አውቃለች፣ እሳቸው ግን አላወቁም። ስልኩን ሳይዘጉ፣ ድምፁ እንደተከፈተ፣ በእጃቸው ይዘው መጡ። የመታጠቢያውን ክፍል በር በክርናቸው ገፉት፣ ኖራ የሞላ መዳፋቸውንም ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«ትኩሳት የለብሽም» አሉ። «ታዲያ ይህች ልጅ ምን አይታ ነው አምጧት የምትለው?»

ያወቁብኝ መሰለኝ። መስመሩ ጋ መቆሜን አይተዋል፤ ነርሷም ደውላለች፤ ሁሉም ነገር የተገጣጠመ መሰለኝ።

«ደም አየሁ፣ አቴ» አልኩ። «ጠዋት።»

ሆናማ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ስልኩ ከእጃቸው ውስጥ ተናገረ።

«ቀይ ነው ወይስ ቡናማ?»

ሁለታችንም ስልኩን አየነው።

«ቡናማ» አልኩ።

«ምን ያህል?»

«ግማሽ ምስር።»

«ስንት ጊዜ አየሽ?» አንቱታውን ረስታዋለች።

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ? የሆድ ሕመም? ትኩሳት? ኖራውን ደግሞ ማን ነው የሚነሰንስብሽ?»

የትሎቹን ነገር ሳስረዳት በመጀመሪያ አላመነችም፤ ቀጥላ ስትስቅ ሰማኋት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። እንዲህ ያለች ጠብታ መያዙንም አለመያዙንም አትናገርም አለች። በዚህ ጊዜ የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ የያዘላቸውም ያልያዘላቸውም። ቢጨምር ወይም ቢቀላ ወዲያው እንድደውል፣ አለበለዚያ ሁሉም እንደነበረ እንዲቀጥል ነገረችኝ። «በተለይ መርፌው» አለች። «ደም አየን ብለው መርፌውን የሚያቆሙ አሉ። ምንም ነገር ሳይታወቅ በገዛ እጃቸው። አንቺ እንደዚያ አታደርጊም፤ አውቅሻለሁ።»

በማይክሮስኮፕ ሥር አንዲት ቢራቢሮ ላይ ለመፍረድ አምስት ቦታ አያለሁ። ጥርጣሬ ካለኝ ለባልደረባዬ አሳያለሁ። እዚህ አንዲት ጠብታ አንድ ጊዜ አይቼ ፈርጄ ነበር።

«መርፌዎቹ ቅርጫቱ ውስጥ ናቸው» አልኩ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ።

«የትኛው ቅርጫት?»

በረንዳው ላይ ስንወጣ ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ሲዱ ወስዶ ከቤቱ ጀርባ ካለው የፍግ ክምር ላይ ደፍቶታል። ሦስታችንም ሄድን። ለእሱ የነገሩት ሆናማ ናቸው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያም እኔን እንዳያይ በእንጨት ክምሩን እንዲያገላብጥ አዘዙት። አላየኝም። ካርቶኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ከእርጥብ ቅጠል ሥር፣ አንድ ጠርዙ ረጥቦ። ሦስቱ ብልቃጦች ደህና ናቸው። አራተኛው አንገቱ ተሰብሯል፤ ዘይታሙ መድኃኒት በካርቶኑ ላይ ፈሷል።

«አንዱን ከካናካፑራ አመጣለሁ» አለ ሲዱ። «ገና አራት ቀን አለ።» ሞተር ብስክሌቱን ሊያስነሳ ሄደ።

ሆናማ እንጨቱን ተደግፈው ክምሩን ያዩት ነበር።

«በዚሁ ቦታ ላይ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ሙሽራ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት ነው። አማቴ ገበያ ሄደው ትሎቹን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ የመጣሁት ሸንኮራ አገዳ ከሚበቅልበት አገር ነው፤ ትል አይቼ አላውቅም። ጠዋት ብነሳ አንዱም አይበላም። ነካሁት፣ አይነቃነቅም። ሞቷል አልኩ። አንድ ትሪ ሙሉ፣ ገደልኳቸው ብዬ እያለቀስኩ፣ ማንም ሳያየኝ አምጥቼ እዚህ ደፋሁት። አራተኛው ትኩሳት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ አማቴ ከገበያ ሲመለሱ ዶሮዎቹ እዚህ ተሰብስበዋል። መጥተው አዩ። ትሎቹ አዲስ ቆዳ ለብሰው፣ ከፍጉ ላይ ቅጠል ፍለጋ ይሄዳሉ። ዶሮው ይለቅማል።» በእንጨቱ ጫፍ ቅጠሉን መለሱት። «አልሰደቡኝም። ‹ትኩሳት የገባ ትልና የሞተ ትል አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ቀን ብቻ ነው› አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንቺም አትናገሪ፤ ጊሪጃ ከሰማች ሠርግ ትደግስበታለች።»

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ወደ ግራ፣ ወደ እኔ በር ዞርኩ። ሆናማ ትሎቹ በር ላይ ቆሙ።

«የት ትሄጃለሽ? ገና አላየሽልንም እኮ።»

«አቴ፣ ደም አየሁ አልኩዎት እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ነርሷ ምን አለች? ምን እንደሆነ አይታወቅም አላለችም?»

«ብላለች።»

«እንግዲያው ለእኔም አይታወቅም። ደንቡ የሚከለክለው የታወቀውን ነው። እግርሽን ታጠቢና ግቢ።»

«ትሎቹ ቢበላሹስ?»

«ቢበላሹ እኔ ነኝ ያስገባሁሽ።»

የውኃውን ማሰሮ ራሳቸው አነሱልኝ፤ ከባድ ነገር አይነሳም ስለተባለ። እግሬን ታጠብኩ። መስመሩን በቀኝ እግሬ አለፍኩ። አርባ ትሪ አንድ በአንድ አየሁ። በሰባተኛው ላይ ገና የሚበሉ ስድስት ትሎች ነበሩ፤ በሃያ ሁለተኛው ላይ ሁለት። ሌሎቹ በሙሉ ገብተዋል። ነገርኳቸው። ሆናማ ጉልበታቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ፤ እየጸለዩም ይሆናል፣ እያረፉም ይሆናል፤ አልጠየቅኋቸውም።

በዚያ ምሽት ሲዱ መርፌውን ወጋኝ። ሲጨርስ ግን ወደ ደረጃው አልወጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሌላ ጊዜ ስትጥዪ» አለ፣ «ቢያንስ በደረቁ በኩል ጣዪ።»

ጠብታው በዐሥራ አንደኛው ቀን አንድ ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ ቆመ። ይህም ምንም አልነገረኝም። ሰማንያ ስምንቱን እርምጃ እየቆጠርኩ ጉድጓዱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞም ሄድኩ። አንድ ጊዜ ሆናማ ሳይናገሩ ተከተሉኝና ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ፣ «አሁን ተሳፋሪ አለሽ፣ ቀስ በይ» አሉኝ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ትሎቹ ከትኩሳት ወጡ። ቆዳቸው ተሸብሽቦ፣ ነጭ፣ ተርበው። የሞተ ከሌላው ጊዜ አልበዛም። ሲዱ ቅጠል ነሰነሰላቸው፤ እስከ ማታ ድረስ ቤቱ በቆርቆሮ ላይ ዝናብ እንደሚዘንብ ሆነ። በዚህ ዕድሜያቸው የሚያሰሙት የመብላት ድምፅ ነው።

በዐሥራ አራተኛው ቀን በመጀመሪያው አውቶቡስ ክሊኒኩ ሄደን ለምርመራ ደም ሰጠሁ፤ ከቀትር በፊት ተመለስን። ውጤቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ይነገራል ተባለ። ዐሥር ሰዓት አለፈ። ዐሥር ተኩል ሆነ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ትሎቹ የሚመገቡትን የእንጆሪ ቅጠል ከቅርንጫፉ እቀነጥሳለሁ፤ ለእነሱ ሳይሆን ለጣቶቼ ሥራ እንዲሆን። ስልኩ ሲጮህ ያነሱት ሆናማ ናቸው፤ ለእሳቸው ይቀርባቸው ነበር።

«እንዴት ናቸው?» ስትል ሲስተር ሊሲን ሰማኋት፤ ድምፁ ተከፍቷል።

«የትኞቹ?» አሉ ሆናማ። «መጀመሪያ የትኞቹ እንደሆኑ ንገሪኝ።»

«ቫናጃክሺ።»

«እዚህ ነች። ትኩሳት የላትም። እንቺ» ብለው ሰጡኝ።

ሲስተር ሊሲ በደሜ የተገኘውን የእርግዝና ሆርሞን ቁጥር ነገረችኝ፤ መቶ ሰማንያ ስድስት። ይዟል አለች። ደግማ ነገረችኝ። ከዚያም ነርስ ናትና ቀጠለች፤ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደም እንደገና ትሰጫለሽ፣ እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ መርፌው ይቀጥላል፤ ያኛው ወረቀትም እንዳለ ነው።

ስልኩን ዘጋሁ። ሲዱ ከትሎቹ በር ላይ ቅጠል ታቅፎ ቆሟል፤ መስመሩን አላለፈም፣ ቅጠሉንም አላስቀመጠም።

«ይዟል» አልኩ። «ግን ሁለት ቀን መጠበቅ አለብን። እጥፍ ካልሆነ...»

«ገባኝ» አሉ ሆናማ። «ይህ የመጀመሪያው ትኩሳት ነው።»

«ስንት አለው፣ አቴ?»

«ለትል አራት ነው። ለሰው እንኳ ቆጥሬ አላውቅም፤ ሲዱ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አልጨረስኩም።»

ሲዱ ሳቀ፤ ቅጠሉ ከክንዱ ላይ ወደቀ። ላነሳለት ከመቀመጫዬ ብድግ ስል ሆናማ ቀድመው ቅርጫቱን ከእግሬ ሥር ሳቡት። ባዶ ነበር። ቢሆንም ከባድ እንዳላነሳ ሳቡት። እኔም ጉድጓዱ ጋ ደርሼ ለመመለስ ወጣሁ፤ ቀስ ብዬ።